ስለ አሮጌው ቮልስዋገን የቤንዚን ፓምፕ አለዋወጥ

የመኪና ዕቃ መለወጥ በብዙዎቻችን ዘንድ አሮጌውን ፈቶ አዲሱን ማሰር ብቻ ሆኖ ይቆጠራል። ለካንዴላ ወይም ለመብራት አምፑል ይህ አሳብ እውነት ነው። ለቤንዚን ፓምፕ ግን፣ ይልቁንም ሞተሩ ከኋላ ለሆነው ለአሮጌው ቮልስዋገን፣ እውነት አይደለም። በዚህ መኪና ላይ ፓምፑን መፍታትና ማሰር ለለመደ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከጣት ትንሽ የሚበልጥ አንድ ዘንግ ሳይለካ የታሰረ እንደ ሆነ፣ አዲሱ ፓምፕ ከአሮጌው የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም መኪናውን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት ያሰብነው ስለዚህ ዘንግ ነው፤ ስለ ሌላው ሥራ በአጭሩ እንናገራለን።

ቮልስዋገንን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሕዝቡ «ቮልስ» እያለ የሚጠራው ይህ መኪና በጀርመን አገር መሠራቱ እ.ኤ.አ. በ1978 አበቃ፤ በሜክሲኮ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻው ተሠርቶ ወጣ፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ግን ዛሬም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ ቀለሙ እየተለወጠ ሲሄድ እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና አድሶ መያዝ ከትዝታ ፍቅር ያለፈ ጉዳይ ሆኗል። ይህን ጥናት ስናደርግ የሠራንበት መኪና ጡረታ የወጡ አንድ መምህር የሚነዱት፣ 1300 ሞተርና ዲናሞ ያለው፣ የ1960ዎቹ ሥሪት ነው።

አስቀድሞ ፓምፑ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል። የቮልስዋገን የቤንዚን ሰርባቶዮ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ መሆኑ ይታወቃል። ቤንዚኑ በመኪናው ወለል መካከል በሚያልፍ ቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ከዚያም ወደ ካርቡራቶሩ የሚያወጣው በዲስትሪቡተሩ ጎን በሞተሩ ላይ የተቀመጠው ፓምፕ ነው። በፓምፑ ሆድ ውስጥ ሜምብራና የሚባል፣ በጎማ የተነከረ የጨርቅ ሽፋን አለ። ከሥሩ ሞላ አለ፤ ከሞላውም በታች አንድ ክንድ አለ። ዲስትሪቡተሩን የሚያዞረው ዘንግ ላይ አንድ ጎባጣ ክፍል አለ፤ ይህ ጎባጣ በዞረ ቍጥር በላዩ የቆመውን ገፊ ዘንግ ወደ ላይ ያነሣል፤ ዘንጉ ክንዱን ይገፋል፤ ክንዱም ሜምብራናውን ወደ ታች ይስባል። በዚህ ጊዜ በፓምፑ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ቤንዚን ከሰርባቶዮው ይገባል። ጎባጣው ሲያልፍ ዘንጉ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሜምብራናውን ወደ ላይ መልሶ ቤንዚኑን ወደ ካርቡራቶር የሚገፋው ሞላው ነው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የቀረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። ብዙ ሰው ቤንዚኑን የሚገፋው ሞተሩ ራሱ ይመስለዋል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ በፈጠነ ቍጥር የቤንዚኑ ግፊት እየጨመረ የካርቡራቶሩን መርፌ ገፍቶ በከፈተው ነበር። ሞተሩ የሚስብ ብቻ ነው፤ የሚገፋው ሞላ ነው። ስለዚህ ግፊቱን የሚወስነው የሞላው ጥንካሬና ሞላው ምን ያህል እንደ ታመቀ ነው። ካርቡራቶሩ ሞልቶ መርፌው መንገዱን ሲዘጋ ሜምብራናው ከታች እንደ ተሳበ ይቆያል፤ ክንዱም ሥራ ሳይሠራ ይወዛወዛል፤ ቤንዚን ሲጎድል ሞላው እንደ ገና ይገፋል። ያለ ኤሌክትሪክና ያለ መቆጣጠሪያ ራሱን በራሱ የሚመጥን፣ በእውነቱ የሚያስደንቅ አሠራር ነው።

ሥራው ምን ያህል ጥቃቅን እንደ ሆነ በቍጥር እንመልከት። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ይጠጣል ብንል፣ በሰዓት 6.4 ሊትር፣ ማለትም በደቂቃ 107 ሳንቲ ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። በአራተኛ ማርሽ በዚህ ፍጥነት ሞተሩ በደቂቃ 2600 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ዲስትሪቡተሩ የሞተሩን ግማሽ ስለሚዞር ፓምፑ በደቂቃ 1300 ጊዜ ይመታል። በአንድ ምት የሚያልፈው እንግዲህ 0.08 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም ጥቂት ጠብታ ማለት ነው። የገፊው ዘንግ ጠቅላላ እንቅስቃሴም 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከ4 ሚሊ ሜትር ውስጥ የ2 ሚሊ ሜትር ስሕተት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ፓምፑን ከመፍታት በፊት ጥፋቱ የፓምፑ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በከተማችን ስለ ከፍታው ብቻ ብዙ ደኅና ፓምፕ ያለ ጥፋቱ ይጣላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃ እንኳ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቤንዚንም እንደዚሁ ከቆላው ይልቅ ቶሎ ወደ ተን ይለወጣል። መኪናው ወደ እንጦጦ ዳገት ወጥቶ ሞተሩ እንደ ጋለ ከቆመ፣ የማቀዝቀዣው ነፋስ ስለሚቋረጥ የሞተሩ ሙቀት ወደ ፓምፑና ወደ ቱቦው ይወጣል፤ በውስጣቸው ያለው ቤንዚን ይተንናል። ባለቤቱ ተመልሶ ሲያስነሣ ፓምፑ የሚያገኘው ተን ብቻ ነው፤ ተን ደግሞ በሜምብራናው ምት ይታመቃል ይለጠጣል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። ሃያ ደቂቃ ታግሦ ሲያስነሡት የሚነሣ መኪና ፓምፑ አልታመመም። አንጋፋ ሹፌሮች እርጥብ ጨርቅ በፓምፑ ላይ የሚያኖሩት ስለዚህ ነው፤ ዘዴው ትክክል ነው፤ ውሃው በአጠገቡ ወዳለው ዲስትሪቡተር እንዳይገባ መጠንቀቅ ግን ያሻል።

ሞተሩ ቀዝቅዞም ቤንዚን የማይደርሰው ከሆነ፣ የቦቢናውን ሽቦ ነቅሎ እሳት እንዳይፈጥር ካደረጉ በኋላ፣ ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባውን ጎማ አውልቆ በጠርሙስ ውስጥ ማስገባትና ሞተሪኖውን ማዞር ነው። ደኅና ፓምፕ በየምቱ ትር ትር እያለ ይረጫል። ካልረጨ ደግሞ ፓምፑን ከመውቀስ በፊት የሰርባቶዮው አየር ማስገቢያ ተደፍኖ እንደ ሆነ፣ ማጣሪያው ቆሽሾ እንደ ሆነ፣ ጎማው ተሰንጥቆ ከቤንዚን ይልቅ አየር እየሳበ እንደ ሆነ መመልከት ይገባል። የተሰነጠቀ ጎማ በሚስብበት በኩል ሲሆን ቤንዚን ወደ ውጭ ስለማያፈስስ ከዓይን ይሰወራል።

ከሁሉ የከፋው ምልክት የሚገኘው በዘይት መለኪያው ላይ ነው። ሜምብራናው የተቀደደ እንደ ሆነ ቤንዚኑ በገፊው ዘንግ በኩል ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል፤ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ይላል፤ ቢያሸቱት ቤንዚን ቤንዚን ይላል። እንዲህ የሆነ ሞተር አንድ ኪሎ ሜትር ስንኳ ሊነዳ አይገባውም፤ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይምና። በሰርባቶዮ ውስጥ ያለው የቤንዚን ዓይነትም በዚህ ላይ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኤታኖል መጨመር ተጀምሮ፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ከስድሳ ዓመት በፊት የተሠራ ሜምብራናና ጎማ ኤታኖልን እንዲችል ተብሎ አልተሠራም፤ ያብጣል፣ ይልማል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለዓመታት በመደርደሪያ የተቀመጠ «ኦሪጅናል» ዕቃ ከአዲሱ ይሻላል ማለት ሁልጊዜ አይሠራም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሞተሩ ፍጹም ይቀዝቅዝ። ባትሪው በኋላው መቀመጫ ሥር ስለሚገኝ መቀመጫውን አንሥቶ ኔጋቲቩን መፍታት ነው። ከሰርባቶዮው የሚመጣው ጎማ ሲወልቅ ቤንዚን ሊፈስስ ስለሚችል በልኩ ብሎን ወይም በእርሳስ መድፈን ይገባል። ፓምፑን የያዙት ሁለት ዳዶዎች በ13 ቁልፍ ይፈታሉ፤ የውስጠኛው ከዲናሞው ሥር ስለ ሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፓምፑ ሲነሣ ከሥሩ ጥቁር የባኬላይት መቀመጫ ይታያል። ይህ መቀመጫ ሁለት ተግባር አለው፤ የሞተሩ ሙቀት ወደ ፓምፑ እንዳይወጣ ይከላከላል፤ ገፊውንም ዘንግ ይመራል። ዘንጉን ሲያወጡ የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደ ነበር ምልክት ማድረግ፣ መቀመጫውን ሲያነሡም ቀዳዳውን ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ መድፈን ነው። ሲመልሱ ደግሞ ሁልጊዜ መቀመጫው ይቅደም፤ ዘንጉ ይከተል። መቀመጫው ሳይኖር ዘንጉን ያስገባ ሰው ዘንጉ ተንሸራትቶ ወደ ሞተሩ ሆድ ሊወድቅበት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የግማሽ ሰዓቱ ሥራ ሞተር እስከ ማውረድ ሊደርስ ይችላል።

የዘንጉ ልክ ነገር እንዲህ ነው። ዲናሞ ላላቸው ሞተሮች ዘንጉ 108 ሚሊ ሜትር ነው። በ1970ዎቹ ዲናሞው በአልተርኔተር ሲተካ ቦታ ስለ ጠበበ ፓምፑ ዘንበል ብሎ ተሠራ፤ የእርሱም ዘንግ 100 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሁለቱም ፓምፖች በአንዱ ሞተር ላይ ይታሰራሉ፤ ዳዶዎቹ ይገጥማሉ፤ በዓይን ሲያዩዋቸውም ወንድማማቾች ይመስላሉ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። እኛ ለመምህሩ መኪና ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ የገዛነው ፓምፕ በሣጥኑ ውስጥ ከራሱ ዘንግ ጋራ መጣ፤ ፓምፑ ቀጥ ያለው የዲናሞ ዓይነት ነበር፤ ዘንጉን በካሊፐር ስንለካው ግን 100 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሻጩ ስንጠይቀው «የቮልስ ነው፤ ሁሉም አንድ ነው» አለ። በዚያ ዘንግ ቢታሰር ኖሮ ፓምፑ ክንዱን አይነካውም፤ ወይም ነክቶ አያንቀሳቅሰውም፤ መኪናውም አይነሣም ነበር። ይህ ስሕተት የዋህ ነው፤ ከማስቸገር በቀር አይጎዳም። የተገላቢጦሹ ግን፣ የ108ቱ ዘንግ ለ100 ለተሠራው ፓምፕ ሲገባ፣ 8 ሚሊ ሜትር ትርፍ አለው፤ ክንዱ መጨረሻው ድረስ ሄዶ ይቆማል፤ ጎባጣው ግን አይቆምም፤ እንግዲህ ወይ ክንዱ ይታጠፋል፣ ወይ የባኬላይቱ መቀመጫ ይሰነጠቃል፣ ወይ የሚያዞረው ዘንግ ይጎዳል።

በሁለቱ መካከል ያለው ስሕተት ከሁሉ ይልቅ ተንኰለኛ ነው። ዘንጉ በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ የረዘመ እንደ ሆነ ምንም ነገር አይሰበርም፤ መኪናውም ይነሣል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። ነገር ግን ሞላው ከሚገባው በላይ ስለሚታመቅ ግፊቱ ይጨምራል። ለዚህ ካርቡራቶር የሚስማማው ከ0.2 እስከ 0.3 ባር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ቤንዚኑ መርፌውን ገፍቶ ያልፋል፤ ካርቡራቶሩ ይሞላል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ይንገዳገዳል፤ ጭሱ ይጠቍራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ይመለሳል፤ ካርቡራቶር ይጸዳል፣ መርፌ ይለወጣል፣ ገንዘብ ይወጣል፤ ፓምፑ አዲስ ስለ ሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

አለካኩ ቀላል ነው። መቀመጫው ከሥሩና ከላዩ ከነጓርኒሲዮኑ ይገባል፤ ዘንጉ ይገባል፤ ፓምፑ ሳይገባ መቀመጫው በልኩ ይጠብቃል። ከዚያ የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዞ ሞተሩን በእጅ በቀስታ ማዞር ነው። ዲስትሪቡተሩ አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ ሁለት ጊዜ መዞር አለበትና በአንድ ዙር መርካት አይገባም። ዘንጉ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ከላይኛው ጓርኒሲዮን በላይ 13 ሚሊ ሜትር መውጣት አለበት። ከበለጠ ከመቀመጫው ሥር ጓርኒሲዮን ይጨመራል፤ ካነሰ ይቀነሳል፤ ሁለቱም ካልረዳ ዘንጉ ያረጀ ነውና ይለወጥ። በመምህሩ ሞተር የድሮው ዘንግ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ተበልቶ አገኘነው፤ ምናልባትም አሮጌው ፓምፕ «ደከመ» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነበር። አዲስ ባለ 108 ዘንግ አስገብተን ስንለካ 14.5 መጣ፤ ጓርኒሲዮን እየጨመርን በሦስተኛው ሙከራ 13 ላይ አደረስነው። በዚህ ሥራ ያገዙን አንድ አንጋፋ ሜካኒክ፣ «ልጆቼ፣ እኔ በጣቴ ነው የምለካው» ሲሉን ተሣሣቅን፤ ጣታቸውን አድርገው «ልክ ነው» ያሉትን በካሊፐር ስናየው 13 ተኩል ነበር። አርባ ዓመት የሠራ ጣት ነው፤ እኛ ግን ካሊፐር ለሌለው ጀማሪ ይህን ዘዴ አንመክርም።

ስለ እሳት ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የቮልስዋገን ሞተር አካል የተሠራው ከማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ፈስሶ ከተቀጣጠለና እሳቱ ወደዚህ ብረት ከደረሰ፣ ውሃ ማፍሰስ ነበልባሉን ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ በመኪናው ውስጥ የዱቄት ማጥፊያ መያዝና እሳቱን ገና ቤንዚን ላይ ሳለ መቅደም ያስፈልጋል። ቤንዚኑ የሚፈስስበት ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ የደረቀ ጎማ፣ የላላ ፋሼታ፣ ወይም በፓምፑና በካርቡራቶሩ አፍ ላይ በግፊት ብቻ የገባች የነሐስ ቱቦ ናት። ይህች ቱቦ በመንቀጥቀጥ ብዛት ትላላለች፤ በእጅ ይዘው ሲያዞሯት ከተንቀሳቀሰች መኪናው ከቦታው አይነሣ። ፓምፕ የሚለውጥ ሰው ጎማዎቹንም አብሮ ይለውጥ፤ ዋጋቸው ከፓምፑ ጋራ ሲወዳደር ኢምንት ነው። የፕላስቲክ ማጣሪያን ከዲስትሪቡተሩ በላይ ማንጠልጠል በከተማችን ልማድ ሆኗል፤ ቤንዚንን ከእሳት ብልጭታ በላይ መስቀል ስለ ሆነ አንስማማበትም። ማጣሪያው ከሞተሩ ክፍል ውጭ፣ ከማርሽ ሣጥኑ አጠገብ ቢሆን ይሻላል።

ይህን ሁሉ ልኬት በመፍራት የኤሌክትሪክ ፓምፕ ለማስገባት የሚፈልጉ አሉ። ጥቅም የለውም አንልም፤ ከፊት በሰርባቶዮው አጠገብ ሲሆን ቤንዚኑን ስለሚገፋ ከላይ የተናገርነውን የተን ችግር ያቃልላል። ነገር ግን ብዙዎቹ ለሌላ መኪና የተሠሩ ስለ ሆኑ ግፊታቸው ይበዛል። ከዚህም በላይ መካኒካዊው ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል፤ የኤሌክትሪኩ ግን መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ በተቆረጠው ቱቦ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ሞተሩ ሲቆም ወይም ግጭት ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ መሣሪያ ካልተገጠመለት፣ በእኛ አስተያየት አሮጌው ዓይነት ይመረጣል።

ልኩ ከተገኘ በኋላ የቀረው ቀላል ነው። በፓምፑ የታችኛው ሆድ ውስጥ ለክንዱ ግራሶ ይደረጋል፤ ፓምፑ በዘንጉ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ዳዶዎች እየተፈራረቁ በመጠኑ ይጠብቃሉ፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ ዳዶ ባኬላይቱን ይሰብራልና። ባትሪው ከመታሰሩ በፊት የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ተጠርጎ ሽታው እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ ማዞር፣ ማሳረፍ፣ እንደ ገና ማዞር፤ ካርቡራቶሩ እስኪሞላ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። ሞተሩ ሲነሣ ኮፈኑን ከፍቶ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ጣት መንካት፣ በማግሥቱም ሞተሩ ሳይነሣ የዘይቱን መጠን መመልከት ይገባል። አሮጌው ፓምፕ የተለወጠው በሜምብራና መቀደድ ከሆነ ግን ዘይቱ በዚያው ቀን፣ መኪናው ከጋራዡ ሳይወጣ መለወጥ አለበት።